የአማቴ ኩሬ

ሹኩር ወንድሜ፣ እስቲ አንድ ሻይ... ወተቱን ቀነስ፣ ስኳሩን ጨመር። ጉልበትህ እንዴት ሆነልህ? ያ የሰናፍጭ ዘይት አልረዳህም? አይዞህ፣ ዝናቡ ሲገባ ይለቅሃል። ምን ዓይነት ሙቀት ነው ዘንድሮ! ብራህማፑትራ ወንዝ እንኳ ደርቆ ልጆቹ አሸዋው ላይ ክሪኬት ይጫወታሉ። መብራቱም ከጠዋት ጀምሮ ሁለቴ ሄዷል።

ያንን መጋረጃ ዝቅ አድርግላቸው እንጂ፣ እዚያ ጥግ ጋዜጣ ለሚያነቡት ጌታዬ። ፀሐዩ ፊታቸው ላይ ነው። ደህና አደሩ ጌታዬ! አይ፣ አይነሡ... ያንብቡ፣ ያንብቡ። እኛ የሁለት ሽማግሌ ወሬ ነው የያዝነው።

ምን እያልኩህ ነበር? አዎ፣ ዛሬ ደስ ብሎኛል። አንተ እዚህ ሻይ ስታፈላ ትውላለህ እንጂ ከጀርባህ ባለው የዓሣ ትምህርት ክፍል ምን ተአምር እንደሚሠራ መቼ ታውቃለህ? እኔ ሞታሌብ ሃያ ስድስት ዓመት ጠርሙስ ያጠብኩበት፣ የተቀደደ መረብ የሰፋሁበት ቤት ነው። የማስተርስ ልጆች ፕሮፖዛላቸውን ሲያቀርቡ ትኩሱን ሲንጋራና ጣፋጩን ሞንዳ በትሪ የማዞረውም እኔ ነኝ። ኮሚቴው ሲንጋራ ጎርሶ ሲያዳምጥ ጥያቄው ይለሰልሳል፤ ይህን ያላወቀ ተማሪ አይመረቅም። የዛሬው ሲንጋራ ግን... ወላሂ፣ ሦስት ዓይነት! የድንች፣ የጉበት፣ ደግሞ አንድ ስሙን የማላውቀው። ሞንዳው ከሙክታጋቻ ድረስ በመኪና የመጣ። ልጁ አፉን ሳይከፍት ሊቅ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

የማን ልጅ ነው? ኧረ እኔ ምን አውቄ! የአንድ ትልቅ ሰው የሚስታቸው እህት ልጅ ነው ይላሉ። ማናቸው እንዳትለኝ። ስም መጥራት ምን ያደርጋል? ደግ ሰው በሥራው ይታወቃል። እንዴት ያሉ ዘመድ ወዳድ መሰሉህ! ሌላው ሰው ለዘመዱ ቢበዛ ሸሚዝ ይሰጣል፣ ካልሆነም ሰርግ ይደግስለታል... እሳቸው ጭንቅላት ሰጡት። የራሳቸውን ነው አላልኩም... ብቻ ሰጡት።

ሞርሼዳን ታውቃታለህ አይደል? ያቺ ቀጭኗ፣ ሻይ ያለ ስኳር የምትጠጣው፣ አንተንም እኔንም "አጎቴ" የምትለን። አማካሪዋ እኒሁ ደግ ሰው ናቸው። አራት ወር ሙሉ ፕሮፖዛሏን ይዛ በራቸው ላይ ቆማለች። ሰባት ጊዜ ጻፈች፣ ሰባት ጊዜ መለሱላት። "ክፍተቱ የታለ? ሌላ ሰው ያላጠናውን ክፍተት አሳዪኝ!" እያሉ በቀይ እስክሪብቶ... ወረቀቱ ዶሮ የታረደበት መሰለ። ትጋት ማለት ይሄ አይደለም? አንድን ወረቀት ሰባት ጊዜ የሚያነብ መምህር የት ይገኛል? በስምንተኛው፣ "ይሄ ርዕስ አይደለም፣ የገጠር ሴቶች ወሬ ነው። ወረቀቱን እዚሁ ተዪውና ሌላ አስቢ" አሏት። ተወችው። ትልቅ ሰው ጠረጴዛ ላይ የተተወ ነገር ይጠፋል እንዴ? አደራ ነው እኮ!

ይኸው ዛሬ ልጁ ከረባቱን አስሮ ተነሣና ርዕሱን አነበበ። በገጠር ኩሬ ውስጥ ኦክስጅን ሲያንስ የሺንግ ዓሣ እንዴት ይኖራል? ትሪው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉ ሰዎች መጥተው ባዩት! ደመቀ እኮ ሹኩር... እንዲያውም አብረቀረቀ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይላሉ ደግሞ። ኧረ አጥሩን ማንም አልነካም! አጥሩ እንዳለ ቆሞ ባለቤቷን ብቻ ነው ያወጧት።

ኩሬዎቹን እኔ ነኝ ያሳየኋት። በሚስቴ አገር፣ በቦይራታሊ። ሴት ልጅ ብቻዋን ገጠር ለገጠር እንዳትዞር ብዬ እኔና ሚስቴ ይዘናት ሄድን። ጎህ ሲቀድ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ገብታ ትለካለች። አንድ ቀን ሺንግ በእሾሁ ወጋትና እጇ እንደ ዱባ አበጠ፤ ሁለት ቀን በግራ እጇ ጻፈች። አንደኛው የመስጊዱ ኩሬ ነው፣ ሁለተኛው የትምህርት ቤቱ። ሦስተኛው ስም የለውም። "አጎቴ፣ ይሄን ምን ብዬ ልጻፍ?" ብትለኝ፣ አማቴ በሰርጌ ሰሞን ዳክዬ ስታባርር የወደቀችበት ነውና፣ "የአማቴ ኩሬ በይዋ!" አልኳት። ስቃ ስቃ ጻፈችው። ትክክለኛ ስም እስኪገኝለት ነበር።

ልጁ ስላይዱን ገለጠ። ጣቢያ ሦስት... የአማቴ ኩሬ! አላገባም እኮ! ከኮሚቴው አንዱ ሞንዳቸውን ዋጥ አድርገው፣ "ለምን እንዲህ ተባለ?" ብለው ጠየቁት። ልጁ ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀም። "ጥንታዊ ስም ነው፤ በድሮ ዘመን ሙሽሮች ለአማታቸው ዓሣ የሚያጠምዱበት የተከበረ ኩሬ ነበር" አለ። ኮሚቴው ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ። አማቴ በሕይወት አለች፤ የተከበረች ታሪካዊ ቦታ መሆኗን ብነግራት ጥርስ የላትም እንጂ በጥርሷ ትስቅ ነበር። "ሺንግን በምን ትይዙታላችሁ?" ሲሉትማ፣ "በእጅ ነው፣ በጣም ለማዳ ዓሣ ነው" አላቸው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል... እዚህ ግን ጅቡንም ቁርበቱንም እያወቁ አነጠፉለት። እንግዳ አክባሪ ቤት ነው! ጸድቋል፣ በጣም ጥሩ ተባለ። ደጉ ሰውዬ ከፊት ወንበር ቀድመው አጨበጨቡ። የገረመኝ ግን፣ ሰባት ጊዜ ያነበቡ ሰው እንዴት የአማቴ ኩሬ ያለበት ገጽ ላይ ሳይደርሱ ቀሩ? ቀይ ቀለሙ አልቆባቸው ይሆናል።

ሞርሼዳ? ከኋላ ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም። ሲንጋራውን ይዤ ስደርስ ቀና ብላ አየችኝና፣ "አጎቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እንዴ?" አለችኝ። ከትሪው ሁለት ሲንጋራ አንሥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ዛሬ ሰኞ ነው፤ እስከ ሐሙስ አዲስ ፕሮፖዛል ካላስገባች ዓመቱ ይቃጠልባታል። ዓመቱ ከተቃጠለ ደግሞ ወንድሟ፣ "በቃሽ፣ ባል ተገኝቶልሻል፣ ነይ ግቢ" ብሏታል። አራት ወር የፈጀውን በሦስት ቀን! ግን ምን ያስጨንቃል? አማካሪዋ ደግ ሰው ናቸው... የሌላ ልጅ ወረቀት ይሰጧት ይሆናል።

እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። የማውቀው የዕቃ ማውጫ መዝገቤን ብቻ ነው። ማን ወሰደ፣ መቼ ወሰደ፣ ለምን፣ የት... እጽፋለሁ። የኦክስጅን መለኪያው በዚህ ዓመት አሥራ አንድ ጊዜ ወጥቷል። "ሞርሼዳ፣ ለፕሮፖዛሏ የመጀመሪያ ልኬት፤ የመስጊዱ ኩሬ፣ የትምህርት ቤቱ ኩሬ፣ የአማቴ ኩሬ።" አሥራ አንዱም ሥር የፈቀደው ሰው ፊርማ አለ። የማን ይመስልሃል? ሳያነቡ ነው የፈረሙት! ሰውን ማመን ከዚህ በላይ አለ?

እና ይኸውልህ፣ የፋኩልቲው ዲን ጸሐፊ ጠዋት ጠርቶኝ፣ "የዓመቱ ዕቃ ምርመራ ስለሆነ መዝገቡን ከቀትሩ ሶላት፣ ከዙህር በኋላ አምጣ" አለኝ። ዲኑ ደግሞ አንባቢ ናቸው፣ ክፉ ልማድ አለባቸው፣ እያንዳንዱን መስመር ያነባሉ። "ይሄ የአማቴ ኩሬ ምንድን ነው?" ካሉኝ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ምን ብዬ እዋሻለሁ? ምስክር አምጣ ካሉኝም አማቴን በሪክሾ ጭኜ አመጣታለሁ። እርግጥ ነው፣ ከዙህር በፊት አንድ ትልቅ ሰው ወደ ኮሚቴው ገብተው፣ "ተሳስቻለሁ፣ ርዕሱ የልጅቷ ነው፣ መልሱላት" ቢሉ... ያኔ ዲኑ ከእኔ ምን ይጠይቃሉ? ጠርሙሴን አጥቤ ቤቴ እገባለሁ። እንጃ፣ ያልተማረ ሰው ሐሳብ ነው። የተማረው ያውቃል።

ኧረ ጌታዬ! ሊሄዱ ነው? ሻይዎ ሳይነካ በረደ እኮ! ጋዜጣውም አንድ ገጽ አልተገለጠም። ገና ዙህር አልተጠራም፣ ምን አስቸኮለዎት? ወደ ኮሚቴው ቢሮ ከሆነ በዚህ በኩል ይቀርባል... መንገዱን እንኳ ያውቁታል፣ ይቅርታ።

ቆይ፣ ቆይ፣ አንድ አፍታ ጌታዬ፣ ቆመው ዱዓችንን ይካፈሉ፤ በመንገደኛ ፊት የተደረገ ዱዓ መሬት አይወድቅም። ሹኩር፣ ሰምተሃል? የዚያ ደግ ሰው ብቸኛ ሴት ልጅ ለማስተርስ ራጅሻሂ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ጎበዝ ናት ይላሉ፤ ርዕሷን ራሷ አስባ፣ ሌሊት ተቀን እየጻፈችው ነው። እጅህን ዘርጋ እንጂ! አላህ መንገዷን ያብራላት። አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውራት። አማካሪም ሲሰጣት... አላህ ልክ እንደ አባቷ ያለውን ይስጣት! እንደ አባቷ የሚያነብላት፣ እንደ አባቷ አደራ የሚጠብቅላት፣ ስታቀርብም ከፊት ወንበር ተቀምጦ እንደ አባቷ የሚያጨበጭብ... አሚን በል ሹኩር። ጌታዬ፣ እርስዎም አሚን ይበሉላት እንጂ።