በበጋ የለመለመ ጓሮ

ወይዘሮ ሸዋረጋ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ውሃ ጽሕፈት ቤት ስትገሰግስ፣ ሞላሌ መናኸሪያ በር ላይ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከአውቶብስ ከወረደው ከመርስዔ ኃዘን ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። መርስዔ ኃዘን የጎረቤቷ የወለተ ኢየሱስ ልጅ ነው፤ ደብረ ብርሃን ሳይንስ ያስተምራል።

«እንደምን አደሩ እትዬ ሸዋረጋ? በጠዋቱ ወዴት ነው?»

«ልከስ ነው፤ ያውም እናትህን!»

ሁለቱን ሴቶች የሚለያቸው አንድ አጥር ነው። ከጥምቀት ወዲህ የሸዋረጋ ቧንቧ እንደ ሕመምተኛ እየተንተፋተፈ ጠብ ሲል፣ ከአጥሩ ማዶ ግን በዚያ ደረቅ በጋ የወለተ ኢየሱስ ጎመን ሰፌድ አክሎ ተንዠርግጎ ነበር። ሸዋረጋ በየማለዳው በአጥሩ ቀዳዳ እያየች ቁርሷ አልዋጥ ይላት ጀመር። የወለተ ኢየሱስ ልጅ መምህር ሲሆን የሷ ከዘጠነኛ ክፍል ወጣ፤ የወለተ ኢየሱስ ላም ስትወልድ የሷ ጨነገፈች። አሁን ደግሞ ውሃው!

«መስመሩን ጠልፋብኛለች» አለች።

መርስዔ ኃዘን አልተቆጣም። «እናቴ ጠልፋ ከሆነ እኔው እመሰክርባታለሁ። ግን ሰው ከመክሰስዎ በፊት ቆጣሪዎን እንየው።»

«ቆጣሪ ሌባ ያወጣል?»

«ውሃው የት እንደሚጠፋ ይናገራል፤ ይምጡ።»

ግቢዋ ደርሰው ቧንቧዎቹን ሁሉ አዘጋትና ቆጣሪው ላይ ጎንበስ አሉ። «ሁሉ ተዘግቶ እያለ ይህ የቆጣሪው ቀስት ቢዞር፣ የሚፈሰው ከእርስዎ ግቢ ነው ማለት ነው። ቆሟል። እንግዲያው ውሃው የሚጠፋው እርስዎ ጋ ሳይደርስ፣ ከዋናው መስመር ላይ ነው።»

«አላልኩህም!» አለችና እየቀደመችው ወደ ወለተ ኢየሱስ ግቢ ገባች።

ወለተ ኢየሱስ ልጇን አገላብጣ ሳመችና፣ ሸዋረጋንም በደስታ ተቀብላ ወደ ጓሮ ወሰደቻቸው። «እዩልኝ፤ አምላክ በደጄ ምንጭ አፈለቀልኝ!»

ሸዋረጋ ጎመኑ ላይ አፈጠጠች። ጠልፋለች ስትል ጭራሽ ምንጭ!

መርስዔ ኃዘን ግን ጎመኑን አላየም። ከአጥሩ ሥር በትር አንሥቶ መሬት ላይ ቢተክለው እስከ እጁ ሰመጠ። ዝቅ ብሎ ሲያዳምጥ ከሥር የሚፍለቀለቅ ድምፅ ሰማ። ተነሥቶ በቤቱ ጀርባ ዞረ፤ የእህል ጓዳው ግድግዳ አብጦ እስከ ጣሪያው ተሰንጥቋል።

«እማዬ፣ ይሄ ምንጭ አይደለም። ዋናው ቧንቧ መሬት ውስጥ ፈንድቶ ነው። ቤትሽን ከመሠረቱ እየበላው ነው።»

«ያለ ዝናብ የፈለቀ ውሃ ምን ክፋት ይኖረዋል?» አለች እናቱ።

«በበጋ መሬት ከረጠበ፣ የጎረቤትም ቧንቧ ከደከመ፣ ውሃው መንገዱን ስቷል ማለት ነው።»

ሸዋረጋ ስንጥቁን ስታይ መጀመሪያ ልቧ «እሰይ» አለ። ወዲያው ግን ወለተ ኢየሱስ ወደ ጓዳው ገብታ ከጆንያው ሥር እፍኝ ዘግና ወጣች። ለዘር ያስቀመጠችው ገብስ ሻግቶ በቅሏል። መሬት ላይ ተቀመጠች። ያን ጊዜ የሸዋረጋ ደስታ ከሰመ።

«ምን እናድርግ ልጄ?» ያለችው ሸዋረጋ ራሷ ናት።

«ጽሕፈት ቤቱን እንጥራ፤ እስኪመጡ እንዳንቆፍር። ጭቃው ወደ ቤት ቧንቧ እንዳይገባ ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ እንዝጋ። ጓዳው ረጥቧልና መብራቱን ከዋናው ማጥፊያ እናጥፋ፤ እግርና እጃችን ደረቅ ይሁን። ከግድግዳውም ራቁ። ከተጠገነ በኋላ የመጀመሪያው ውሃ ደፍርሶ ይመጣል፤ እስኪጠራ ይፍሰስ፤ ለጊዜው አፍልታችሁ ጠጡ።»

ለክስ ልትሄድበት ወደነበረው ጽሕፈት ቤት የደወለችው ሸዋረጋ ናት። ሠራተኞቹ መጥተው ሲቆፍሩ ዝገት የበላው ቧንቧ ተሰንጥቆ ተገኘ፤ እዚያው ለወጡት። ግድግዳውንም ጎረቤት ተጠራርቶ በግንድ ደገፈውና ሳይናድ ተረፈ። ጥቂት ቢዘገዩ ቤቱ ባለቤቲቱ ላይ በወረደ ነበር። ነገሩ ቀድሞ ቢመረመር ደግሞ ያ ገብስ ባልሻገተ፣ ሰፈሩም ውሃ ባልተጠማ፣ ሁለት ጎረቤታሞችም በከንቱ ባልተቃቃሩ ነበር። ይህን አሁን ሸዋረጋ ራሷ ለሰፈሩ ሴቶች ትናገራለች።

ያን ቀን ማታ ሸዋረጋ የዘር ገብስ የሞላ ጆንያ በጀርባዋ አዝላ ወለተ ኢየሱስ ደጅ ቆመች።

«ይሄን ዝሪው» አለች።

«ውይ ሸዋዬ! ላንቺስ?»

«ይበቃኛል።»

መኸር ሲደርስ የወለተ ኢየሱስ ገብስ ከሸዋረጋው ይልቅ አማረ። ሸዋረጋ በእርሻው ዳር ስታልፍ ትንሽ ቀናች፤ ሆኖም ዘሩ የራሷ ነውና ቆም ብላ ዛላውን በእጇ ዳበሰችው።