ሳትጠየቅ የተጻፈላት ታፔላ

ጋሽ ቀለም ታፔላ ጻፊ ናቸው። ፀጉር ቤት በሉት፣ ወፍጮ ቤት በሉት፣ የጥርስ ሐኪም በሉት፣ በሰፈሩ ደጃፍ ሁሉ ላይ የሚታየው ጽሑፍ የእርሳቸው የእጅ ሥራ ነው። መስመራቸው ቀጥ ያለ ነው። አሳባቸውም እንደዚያው ነው፤ አንዴ ልክ ነው ያሉትን ነገር የሚያስለውጣቸው ሰው ተገኝቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አስጠሯቸውና በአንዲት ጠባብ ክፍል በር ላይ «የተማሪዎች ምክር አገልግሎት» ብለው እንዲጽፉ አዘዟቸው። ጽፈው ብሩሻቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ አንዲት ወጣት መምህርት ቁልፍ ይዛ መጣች።

«ቀለሙ አልደረቀም መምህርት፤ በሩን እንዳይነኩብኝ። ትንሽ ይታገሡኝ» አሏት።

«ችግር የለም አባቴ፣ እጠብቃለሁ» አለችና ከጎናቸው በረንዳው ላይ ቆመች።

ጋሽ ቀለም ደግሞ ዝም ብሎ መቆም አይሆንላቸውም። «እኔ የምለው፣ ለምክር ቢሮ የተከፈተው ከመቼ ወዲህ ነው? በእኛ ጊዜ አባት ይናገራል፣ ልጅ ይሰማል፤ በቃ።»

«ልጁ ባይገባውስ?»

«እንዲገባው ይደረጋላ!» አሉና ብሩሹን እንደ አርጩሜ ወዘወዙት።

መምህርቷ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ረጋ ብላ ተናገረች። «የእኔ ሥራ አባትን መተካት አይደለም። ተማሪው ምን እንደሚችል፣ ምን እንደሚከብደው፣ የሚመኘው ሙያ ምን ዓይነት ትምህርት እንደሚጠይቅ አብረን እናያለን። ብዙዎቹ ከሐኪምና ከመሐንዲስ ሌላ የሙያ ስም ሳያውቁ ነው የኮሌጅ ምርጫ የሚሞሉት። መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ይባል የለ?»

«የኔዋ ልጅ ንጉሥ አይደለችም፤ ዶክተር ናት።»

«እንኳን ደስ ያለዎት! የት ነው የምትሠራው?»

«እዚሁ አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ትሆናለች ማለቴ ነው» አሉ ጋሽ ቀለም ትንሽ አፈር ብለው። «ታፔላዋን እንኳ ጽፌ ጨርሻለሁ። ነጭ መደብ፣ ሰማያዊ ፊደል። ቁም ሣጥን ጀርባ አስቀምጬዋለሁ።»

እውነታቸውን ነው። ልጅቱ ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ያለፈች ሰሞን ነበር የጻፉት። ከዚያ ወዲህ በቤትም በሰፈርም ስሟ «ዶክተሬ» ሆኖ ቀረ። ጎረቤት «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ቢያሾፍባቸውም፣ እርሳቸው ቅናት ነው ብለው አለፉት።

«ታፔላውን ስታየው ምን አለች?» ስትል መምህርቷ ጠየቀች።

«ምን ትላለች? ጨዋ ልጅ ናት፤ ዝም አለች።»

«ዝምታ ሁሉ እሺታ አይደለም አባቴ።»

ይህች ቃል ጋሽ ቀለምን ቆነጠጠቻቸው። ልጅቱ በዚያው ሳምንት ምርጫዋን ታስገባለች፤ ሰሞኑን ደግሞ እህል አይወርድላትም። የፈተና ድካም ነው ብለው ነበር። «ለመሆኑ እርስዎ ዘንድ ትመጣለች እንዴ?»

«ትምጣ አትምጣ አልነግርዎትም። እዚህ የሚገባ ልጅ ያወራውን ለማንም አላወጣም።»

«የገዛ ልጄን ጉዳይ? ከእኔ ተደብቆ?» ብለው የቀለም ጣሳውን በኃይል ከደኑት።

«አዎ። የሚነገርዎት ነገር ካለ ከእርሷ አንደበት ነው መስማት ያለብዎት።» «ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «የጻፉትን ታፔላ መልሰው አጥፍተው ያውቃሉ?»

የሥራቸው ወሬ ሲነሣ የጋሽ ቀለም ቁጣ በረደ። «ስንቱን! የጨርቅ ነጋዴው ልጅ መድኃኒት ቤት ከፍቶ ነበር። አባቱ ናቸው ያንን ትምህርት ያስመረጡት። ዓመት ሳይሞላው ሊዘጋው ነው፤ አጥፋልኝ ብሎ ጠራኝ። የገረመኝ ምን መሰለዎት? አባትየው ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል፤ ልጁ ግን እኔ ስፍቀው ከኋላዬ ቆሞ ያፏጫል!»

«ለምን ያፏጨ ይመስልዎታል?»

«ሸክም የወረደለት ሰው ነዋ!» አሉ ጋሽ ቀለም ሳያስቡት። ያሉትን ራሳቸው ሲሰሙት ደነገጡ። አንድ የተሳሳተ ፊደል በትልቁ ጽፈው ሰው ሁሉ ሲያየው የሚሰማቸው ዓይነት ድንጋጤ ነበር።

በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እና ልጅ ያሰኘውን ሁሉ ይምረጥ ነው የሚሉት? ነገ ዘፋኝ ልሁን ብትለኝስ?» አሉ።

«ያሰኘውን ሁሉ አላልኩም። ምኞት ይፈተናል። ውጤታቸውን እናያለን፤ ሥራው ያለበት ቦታ ወስጄ አሳያቸዋለሁ፤ የመጀመሪያው ባይሳካ ሁለተኛ መንገድ እናዘጋጃለን። ውሳኔው የቤተሰብና የልጁ ነው። ግን ልጁን ሳይጠይቁ የሚወስኑ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ልጆቹ ኮሌጅ ገብተው ሲያቋርጡ ሰነፍ ይባላሉ።»

ማታ ጋሽ ቀለም ቤት ሲገቡ እናትየዋ ጎረቤት ሄዳለች፤ ልጅቱ ደብተሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ከየት እንደሚጀምሩ ጠፋቸው፤ ሌላ ቀን ቢሆን ቃል የሚቸግራቸው ሰው አልነበሩም።

«ልጄ፣ አንቺ ራስሽ ምን መማር ነው የምትፈልጊው?»

ልጅቱ ቀና ብላ አየቻቸውና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«አባዬ፣ የምክር ክፍሏ መምህርት ሆስፒታል ወስዳን ነበር። ሕመምተኞቹ ያሉበት ክፍል ገብቼ መቆም አቃተኝ፤ ዓይኔ ጨለመብኝ። ከዚያ የኦክስጅንና የራጅ መሣሪያ የሚጠገንበት ክፍል አስገቡን። እዚያ ምሳዬን ረስቼ ዋልኩ። መሣሪያው ሲበላሽ እኮ ሐኪሙም እጁን አጣጥፎ ነው የሚቆመው።»

«እንዲህ ያለ ትምህርት አለ እንዴ?»

«አለ። እኔም እስካይ ድረስ አላውቅም ነበር። የሒሳብና የፊዚክስ ውጤቴ ይበቃል ብላኛለች።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? አባትሽ አይደለሁም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ አባዬ?»

ጋሽ ቀለም ይህችን ልጅ ይወዷታል፤ ከራሳቸው አስቀድመው አብልተዋታል፣ አልብሰዋታል። ለካስ አንድም ቀን ጠይቀዋት አያውቁም። እጇን ያዙና «በይ እንግዲህ፣ ስለዚያ መሣሪያ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» አሏት። እናትየዋ ስትመለስ ሁለቱም አላዩዋትም።

ልጅቱ የፈለገችውን መርጣ አስገባች። በወላጆች ስብሰባ ላይ ጋሽ ቀለም እጃቸውን አውጥተው ተነሡ።

«ወላጆች፣ እኔ ምክር ቢሮ አያስፈልገውም ስል የነበርኩ ሰው ነኝ» አሉ። «ልጆቻችን መካሪ ሲያገኙ የማያውቁትን ሙያ ያውቃሉ፤ አቅማቸውን አይተው ይመርጣሉ፤ ኮሌጅ ሲገቡ ለምን እንደገቡ ያውቁታል፤ እኛም ዕድሜያቸውንና ልፋታችንን ከማባከን እንድናለን። እኔ ልጄን ዶክተሬ እያልኩ አራት ዓመት ሙሉ አፏን ዘግቼ ነበር።»

ከኋላ መደዳ አንዲት እናት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «የእኔስ ልጅ ደስ ብሎት ነው የሚማረው፤ አንድ ቀን እንኳ ተቃውሞኝ አያውቅም!» አሉ።

ጋሽ ቀለም ወደ እርሳቸው ዞሩ።

«የእኔዋም ተቃውማኝ አታውቅም ነበር እህቴ» አሏቸው። «ዛሬ ማታ ጠይቂው።»