የታሸገ ደብዳቤና የማጣሪያው ሣጥን

ሊፍቱ ከተበላሸ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። ባይበላሽ ኖሮ እነዚህ ሁለት ሰዎች ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ ደረጃ ላይ ባልተገናኙ፣ ነገሩም ሁሉ በሌላ መንገድ ባለቀ ነበር። ጋዜጠኛዋ ከአምስተኛ ፎቅ ስትወርድ፣ አጎቷ ደግሞ ከምድር ቤት ሲወጡ፣ ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

አጎቷ የሕንፃው ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት በፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩና ሲያድሉ ኖረው ጡረታ ስለወጡ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ጋሼ ቴምብር» ይላቸዋል። እሳቸውም ስሙን ወደውታል። በእጃቸው ከጋዜጣ የተቆረጠ ቁራጭና አንድ የማስታወቂያ ወረቀት ይዘዋል።

«እንኳን አገኘሁሽ» አሉ ቁና ቁና እየተነፈሱ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ፤ እንዳትቀሪ። ያን የጌም ጉድ ዛሬ ከዚህ ሕንፃ ነቅለን እንጥለዋለን።»

«በምን ይነቅሉታል ጋሼ?»

«ጌም የሚዘጋ፣ ማጣሪያ የሚባል ሣጥን መጥቷል። ኢንተርኔት የምንጠቀመው ሁላችንም በአንድ መስመር አይደል? የመብራት ቆጣሪው ክፍል ውስጥ ተገጥሟል፤ ድምፅ ከተሰጠ ባለሙያው ዛሬውኑ ያበራዋል። ማስረጃ ካልሽ ይኸው!» ቁራጩን ዘረጉላት። «ጌም የሚጫወት ሰው አእምሮ በስድስት ወር እንደሚደክም ጥናት አረጋገጠ ይላል። በራስሽ ጋዜጣ የወጣ ነው!»

ጋዜጠኛዋ ማንበብ አላስፈለጋትም። ስሟ አይውጣበት እንጂ የጻፈችው እሷ ናት። ረቡዕ ዕለት ገጹ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ አንድ ድርጅት የላከውን መግለጫ ርእሱን አሳምራ፣ «ጥናት አረጋገጠ» የሚል ጨምራ ለቀቀችው። ጥናቱን በዓይኗ አላየችም፤ ማን እንዳጠናውም አልጠየቀችም። አሁን አጎቷ በያዙት የማስታወቂያ ወረቀት ላይ ያለውን ዓርማ ስታይ ክው አለች። መግለጫውን የላከውና ሣጥኑን የሚሸጠው ድርጅት አንድ ነው።

ያስጨነቃት ግን ይህ ብቻ አይደለም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ ከሁለት ዓመት በፊት ታማ ጆሮዋ መስማት አቁሟል። ባሕር ማዶ ካለች እኅቷ ጋር የወላጆቻቸው ቤት ሲሸጥ ተቀያይመው ለዓመታት ተዘጋግተው ኖረዋል። ያስታረቃቸው ጌም ነው። ያንኑ የተሸጠውን ቤት በጌሙ ውስጥ ጡብ በጡብ አብረው እየሠሩ ይጻጻፋሉ። ሌላ ቦታ ሲጻጻፉ አንዷ ነገር ታነሣለች፣ ይጣላሉ፤ እዚያ ግን አይጣሉም። ይህን ለጋዜጠኛዋ በወረቀት ጽፋ ያጫወተቻት ልብስ ሰፊዋ ራሷ ናት፤ ለማንም እንዳትናገር አደራ ብላ። ሣጥኑ ከበራ የሁለቱ እኅቶች ቤት ዛሬውኑ ይዘጋል።

«ጋሼ፣ ይህ ነገር ቢቀር ይሻላል» አለች።

«ለምን ይቀራል? የልጅ ልጄ ሦስት ወር ሙሉ ቀና ብላ ፊቴን አላየችኝም! ሳናግራት ‹እሺ፣ እሺ› ነው። እኛ ልጆች ሆነን ስንጫወት ሲደክመን ወደ ቤት እንገባ ነበር። ይኼኛው እኮ ማብቂያ የለውም።»

«እውነትዎን ነው። ማብቂያ እንዳይኖረው ታስቦ የተሠራ ጌም አለ፤ ለእሱ ጥብቅና አልቆምም። ግን የልጅቷን ሰዓት መወሰን ያለባት እናቷ ናት ወይስ የቆጣሪው ክፍል?»

«እናቷማ እሷም ስልኳ ላይ ተተክላ ነው የምትውለው!» ፈገግታ አመለጣቸውና መልሰው ኮስተር አሉ። «ደግሞ አንቺ ራስሽ አይደለሽም እንዴ፣ ማሽን የሰውን ልጅ ስለሚገዛበት ስለ መጪው ዘመን ልብ ወለድ በየሳምንቱ እየጻፍሽ የምታስፈራሪን?»

«ጽፌአለሁ። ዋናውን ነገር ግን ዘልዬዋለሁ። በነዚያ ታሪኮች ውስጥ ማሽኑ ከመሬት ተነሥቶ አይገዛም። መጀመሪያ ሰዎቹ ራሳቸው፣ ለደኅንነታችን ነው ብለው፣ ቁልፉን ያስረክቡታል። ብዙውን ጊዜ በስብሰባ ነው።»

«አሁን እኔ ቁልፍ አስረካቢ ሆንኩ?» ድምፃቸው ደረጃውን ሞላው። ከላይ አንድ በር ተከፍቶ ተዘጋ። «በይ፣ ጌም የጠቀመው አንድ ሰው ጥሪልኝ! ከዚህ ሕንፃ፣ አንድ! ስሙን ስጪኝና ይህን ወረቀት እዚሁ እቀደዋለሁ።»

ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ቃል ብትናገር ሁሉ ነገር ያበቃል።

«ሰው አለ። ማን እንደሆነ ግን አልነግርዎትም። የነገረኝ አደራ ብሎ ነው።»

«አጎትሽ ነኝ! ሊቀመንበርም ነኝ!»

«ቢሆኑም አልነግርዎትም ጋሼ።»

እንዲህ ተቆጥተው አይታቸው አታውቅም። አልፈዋት ሊወጡ እግራቸውን ሲያነሡ፣ የያዙት ማስታወቂያ ጀርባ ወደ እሷ ዞረ፤ በደቃቁ የተጻፈውን አነበበችው።

«እኔ አልነግርዎትም፤ ሣጥኑ ግን ይነግርዎታል» አለቻቸው። «የማስታወቂያውን ጀርባ አንብበውታል?»

አላነበቡትም። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን አምነን በደቃቁ የተጻፈውን እናልፈዋለን። መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡ። «በየሰኞው ለሊቀመንበሩ ዝርዝር ይቀርባል። የትኛው ቤት ምን እንደከፈተ፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር እንደተጻጻፈ። ቅጂው በድርጅቱ ዘንድ ይቀመጣል።»

«ጋሼ፣ በሠላሳ አራት ዓመት የሰው ደብዳቤ ስንት ጊዜ ከፍተው አነበቡ?»

«ምን አልሽ?» ደማቸው ፈላ። «አንድም! አንድ አለቃ በእንፋሎት ክፈትልኝ ቢለኝ ወደ መጋዘን ተጣልኩ እንጂ እጄን አላስነካሁም! የታሸገ ደብዳቤ እኮ...»

ዓይናቸው ወደ ማስታወቂያው ጀርባ ተመለሰ።

«ከነገ ጀምሮ የአርባ ቤት ደብዳቤ ተከፍቶ ጠረጴዛዎ ላይ ይቀመጣል» አለች ቀስ ብላ።

ጋሼ ቴምብር ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ያን ቁራጭ ጋዜጣም አነሡ። «የአእምሮው ነገርስ? ጥናት አረጋግጧል እኮ።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ትችል ነበር። ሰውየው ተረትተዋል፤ ጽሑፉም ስም የለውም። አፍራለች፣ ፈርታለችም።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች። «ጥናት አላየሁም። ሣጥኑን የሚሸጡት ሰዎች የላኩትን ነው የገለበጥኩት።»

አጎቷ አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻላት ነበር። «እኔ ደብዳቤ ለተሳሳተ ቤት ያደልኩ ቀን ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ? በእግሬ እመለሳለሁ። በር አንኳኩቼ፣ ፊት ለፊት ቆሜ፣ ይቅርታ ጠይቄ እረከባለሁ። አንቺም ተነሽ።»

በስብሰባው ላይ ሁለቱም ተናገሩ፤ እሷ ስለ ዜናው፣ እሳቸው ስለ ሣጥኑ ጀርባ። ጉምጉምታው ብዙ ነበር፤ የተሰጠው ድምፅ ግን አልከፋም። ሣጥኑ ተነቅሎ ወደመጣበት እንዲመለስ፣ እያንዳንዱ ቤት የልጆቹን ሰዓት በራሱ እንዲወስን፣ በጋራ መስመሩ ላይ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ አስቀድሞ በጽሑፍ ለየበሩ እንዲደርስ ተስማሙ። ከዚህ ውሳኔ የሚገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም። ወላጅ ኃላፊነቱን መልሶ ይረከባል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን አይሰልልም፤ ዜና የሚያነብም ሰው «ይህን የነገረኝ ማን ነው? ምን ሊሸጥልኝ ፈልጎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይለምዳል። የጋዜጣው እርምት ሐሙስ በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን እንደሚወጣም ጋዜጠኛዋ ቃል ገባች። ጋሼ ቴምብር ግን ሐሙስን አልጠበቁም። የእርምቱን አርባ ቅጂ አስይዘው በየበሩ ላኳት።

ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ ደወሉን ተጫነች፤ በልብስ ሰፊዋ ቤት ደወሉ የሚያበራው አምፖል ነው። ልብስ ሰፊዋ በስብሰባ የሚባለውን ስለማትሰማ አልመጣችም ነበር። እርምቱን ቆማ አነበበች፤ ደግማ አነበበች። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ ጨርቅ በምታሰምርበት እርሳስ ጻፈችበት።

«ዜናውን አንብቤ ከሐሙስ ጀምሮ አልከፈትኩትም። አእምሮዬም እንደ ጆሮዬ እንዳይሄድ ፈርቼ።»

ልብስ ሰፊዋ መልስ አልጠበቀችም፤ በሩን ክፍት ትታ ወደ ውስጥ ሮጠችና ኮምፒዩተሩን አበራችው። በስክሪኑ ላይ አንድ ግድግዳው ያላለቀ ቤት መጣ። ከሥሩ «የት ጠፋሽ?» ተብሎ አራት ጊዜ ተጽፏል፣ በየቀኑ አንድ አንድ። ከዚያ በታች ሌላም ጽሑፍ ነበር፤ ጋዜጠኛዋ ግን ፊቷን መለሰችና አላነበበችውም።

በሩን ቀስ ብላ ዘጋችላት። ገና አሥራ ሰባት ቤት ይቀራታል።