«ተው እንጂ» የሚለው ሜኑ

እስቲ ብርጭቆ ያልያዘ ይያዝ፤ የሽኝት ንግግሬ አጭር ነው። ጋሼ፣ አይሳቁ፣ ዛሬ የምሬን ነው።

ጋሼ ትእዛዝ ወደዚህ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት የመጡ ቀን በሬዲዮ «ቀኑን ሙሉ ፀሐይ» ብለን ነበር። እሳቸው ዣንጥላ ይዘው ገቡ። የያኔው ኃላፊያችን ቅር ብሏቸው፣ «ትንበያችንን አልሰሙም እንዴ?» ሲሏቸው፣ «ሰምቼ እኮ ነው የያዝኩት» አሉ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ኃላፊያችን እስከ መኪናቸው የሄዱት በዚያው ዣንጥላ ተጠልለው ነው።

«ትእዛዝ» የሚለውን ስም ያወጣንላቸው ሥራቸውን አይተን ነው። መረጃችን ሁሉ ያለበትን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ የሚያዙት በመጻፍ ብቻ ነበር፤ ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ፊደል፣ በቃ። ማውዝ ስንሰጣቸው አመስግነው ተቀበሉና ወረቀት እንዳይበር ጫኑበት። እኛ ደግሞ አንዲት የዝናብ መረጃ ፍለጋ ደጃቸው እንሰለፋለን። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ፣ «ጋሼ፣ እኔ የተማርኩት ደመና ነው። ይሄን ሁሉ ትእዛዝ በቃሌ የምይዘው ምን በወጣኝ?» አልኳቸው። ተቀየሙኝ። ሰላምታቸው ሳይቀር በግንባር ብቻ ሆነ። ሰንበት ብለው ግን መጻፍ የሚያስቀር፣ ቁልፍ ብቻ የሚጫኑበት ሜኑ ሠርተው መጡ።

የሜኑውን ቃላት የለቀሙት ከኛው አፍ ነው። «ፋይሌ የት ገባ?» የሚለው ቁልፍ የኔ ጩኸት ነው። «ማነው ሰርቨሩን ያጨናነቀው?» የኃላፊያችን ነው። «ይጥፋ» የሚለውን ስትጫኑት «አስበህበታል?» ይላል። አዎ ስትሉት «እስቲ ደግመህ አስብ» ይላል። አሁንም ካላችሁ «ተው እንጂ» ይላል። ሒሳብ ሹማችን መጀመሪያ ቀን ሲያነበው ዘወር ብሎ ከኋላው ሰው ፈልጓል። አትካድ፣ አይቼሃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አልወደድንላቸውም። ቁልፍ በተጫንን ቁጥር ከስክሪኑ ግርጌ ያ የጥንቱ ትእዛዝ ተጽፎ ይመጣል። «ጋሼ፣ ይሄ ዓይናችንን አደከመው፣ ያንሱልን» ብለን ለመንናቸው። «እሱ ለዓይናችሁ አይደለም፣ ለጣታችሁ ነው» አሉ።

ባለፈው ክረምት ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቁ ሄዱ። በዚያው ቀን ከባድ ዝናብና አውሎ ነፋስ እየመጣ ሜኑው አልከፈት አለ። ማስጠንቀቂያው ሰርቨሩ ውስጥ ነው፣ ሬዲዮ ጣቢያው ይደውላል፣ የጋሼ ስልክ አይሠራም። መንገድ ላይ ስላለው ሰው እያሰብኩ ሜኑውን ለመክፈት ደጋግሜ ሞከርኩ። ያኔ የመዝገብ ቤቷ እህታችን ወንበር ስባ ጥቁሩ ስክሪን ፊት ተቀመጠች። «በየቀኑ ከታች የማየው ነው» ብላ መጻፍ ጀመረች። ስትስት እኔ አርማለሁ፣ እኔ ስስት ሒሳብ ሹሙ። ለካ ሁላችንም እናውቀው ነበር። ማስጠንቀቂያው በሰዓቱ ወጣ፤ ሰውም ቤቱ ገባ።

ጋሼ ሲመለሱ እየተሻማን ነገርናቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «እንግዲህ ጡረታ መውጣት እችላለሁ» አሉ። እንዲህ መሆኑን ባውቅ ኖሮ፣ እውነቴን ነው፣ አንዲት ፊደል አልጽፍም ነበር።

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። ሥራ አቅልለውልናል፤ ግን አላሞኙንም። እኔ በግሌ አባት የሚቆጣውን ያህል ተቆጥተውኝ፣ አባት የሚታገሠውን ያህል ታግሠውኛል። ከነገ ጀምሮ ያንን ወንበር ባዶ ማየት ይከብደኛል።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሜኑው ላይ አንድ ቁልፍ ጨምረናል። «ጋሼ፣ ብቅ ይበሉ» ይላል። ናፍቆትዎ የበረታበት ሰው ሲጫነው ስልክዎ ላይ መልእክት ይገባል። እንደ ደንብዎ ትእዛዙም ከግርጌ ተጽፏል፤ ሜኑው ቢበላሽ እንኳ በእጃችን ጽፈን እንጠራዎታለን። ቁልፉን ላጥፋ የሚል ከተነሣም «ተው እንጂ» የሚለው አለ።

በሉ፣ ብርጭቆ ከፍ ይበል። ለጋሼ ትእዛዝ ጤና፣ ዕድሜ፣ የልጅ ልጅ ሳቅ። ነገ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው ብለናል፤ ጋሼ፣ ሲወጡ ዣንጥላዎን እንዳይረሱ።