ሳያዩ የማይጽፉት የባዝራዎች መዝጋቢ

የአባታችንን ዜና ሕይወት እንዳነብላችሁ የተመረጥኩት የመጀመሪያ ልጃቸው ስለሆንኩ ነው፤ ይገባኛል ብዬ ግን አይደለም።

አባታችን ከጫማ ሰፊ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው የዛሬ ሰባ ዓመት ተወልደው፣ ትምህርታቸውንም በተወለዱበት ሰፈር ካጠናቀቁ በኋላ፣ በእጅ ጽሑፋቸው ማማር ተመርጠው በሃያ አራት ዓመታቸው በፈረስ እርባታ ጣቢያው የዘር ሐረግ መዝጋቢ ሆነው ተቀጠሩ። ሥራቸው የትኛው ውርንጭላ ከየትኛዋ ባዝራ እንደተወለደ መጻፍ ነበር። ከእሳቸው በፊት የነበሩት መዝጋቢዎች የጋጣ ሠራተኞች የነገሯቸውን ቢሮ ተቀምጠው ይጽፉ ነበር፤ እሳቸው ግን ምጥ የያዛት ባዝራ ያለችበት ጋጣ በር ላይ በርጩማ ስበው እየጠበቁ፣ ውርንጭላው ምድር ሲነካ በዓይናቸው አይተው፣ መጀመሪያ በኪስ ማስታወሻቸው፣ ከዚያም በትልቁ መዝገብ ያሰፍሩ ነበር። ሠራተኞቹ "ሰውዬው የራሳቸውን ቅድመ አያት አያውቁም፣ የፈረሱን ግን ሰባት ቤት ይቆጥራሉ" ብለው ሲስቁባቸው፣ "የእኔን ቅድመ አያት ማን ይገዛል ብላችሁ ነው?" ይሉ ነበር።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው በጣቢያው መድኃኒት ክፍል ይሠሩ የነበሩትን እናታችንን አግብተው እኔን፣ ከአሥር ዓመት በኋላም ወንድሜን ወለዱ። ወንድሜ ሲወለድ እናታችን በሞትና በሕይወት መካከል ስለነበሩ፣ አባታችን በአርባ ዓመት አገልግሎታቸው ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ሦስት ቀን ከጋጣው ቀሩ። ሲመለሱ በጣቢያው ስመ ጥር የሆነችውን ዳማ ባዝራ አንዲት ሴት ውርንጭላ ስትጠባ አገኟት፤ የዳማዋ ልጅ ብለውም መዘገቧት።

የዛሬ ስድስት ዓመት ጣቢያው መዝገቡ በዘረመል ምርመራ እንዲጣራ ሲወስን፣ ሥራው እኔ ለምሠራበት ቤተ ሙከራ ተሰጠ። ከእናት ብቻ የሚወረስ ዲኤንኤ አለ፤ አባት ምንም አይጨምርበትም፤ ስለዚህ የአንዲት ባዝራ ሴት ልጆች፣ የልጅ ልጆቿም ሁሉ አንድ ዓይነት ምልክት ይዘው መገኘት አለባቸው። የሚመረመረው የአባቴ መዝገብ ስለሆነ ከዚህ ሥራ መውጣት ሲገባኝ አልወጣሁም። ከጋማ ከነሥሩ የተነቀለውን ፀጉር ስመረምር፣ ከሁለት መቶ የሚበልጡት ባዝራዎች ልክ አባታችን እንደጻፏቸው ሆነው ተገኙ፤ የዚያች ውርንጭላ ዘር የሆኑት አሥራ አራቱ ግን ከዳማዋ ወገን አልነበሩም። ለአባቷ አደላች እንዳልባል ፈርቼ፣ በሪፖርቴ ላይ "መዝገቡ ሆን ተብሎ ተለውጧል" ብዬ ጻፍኩ። ስህተቱን ያሳየኝ ፀጉሩ ነው፤ "ሆን ተብሎ" የሚለውን ያሳየኝ ግን የለም።

በዚያ ቃል ምክንያት አባታችን ተባረሩ። ሪፖርቱን አገላብጠው "ፊርማሽ አምሯል" አሉኝ። በመንገድ ሲያልፉ "ዘር ቀያሪው" ሲባሉ እዚህ ያለን ሁላችን ሰምተናል። እሑድ እሑድ ምሳ አብሬያቸው ስበላ፣ ከጀርባዬ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ የኪስ ማስታወሻዎቻቸው በየዓመታቸው ተደርድረው ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ዞሬ አልከፈትኩትም።

የጭድ አቧራ የጎዳው ሳንባቸው ባለፈው ወር አልጋ ላይ ሲጥላቸው፣ በዝምታቸው የተነሳ "ልጓም" የሚባሉት ጡረተኛው የጋጣ ኃላፊ ሆስፒታል ድረስ መጥተው አልጋው ግርጌ ቆመው ተናዘዙ። አባታችን ከጋጣው በቀሩባቸው በእነዚያ ሦስት ቀናት የዳማዋ ልጅ ሞታ ተወለደች፤ በማግስቱም ቡላ መልክ ያላት ሌላ ባዝራ ወልዳ ሞተች። ሠራተኞቹ እንጀራችንን እናጣለን ብለው ስለፈሩ፣ የሞተችውን ውርንጭላ ቆዳ ገፈው ለሕያዋ አለበሷት፤ ዳማዋም የልጇን ጠረን አሽትታ አጠባቻት። ቡላዋን ግን ሳትወልድ ሞተች አሉ። አባታችን ይህን ሰምተው፣ "አንተ ልጓም፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት! ፈረስ እንኳ ሲበላ ልጓሙን ያወልቁለታል እኮ" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ልጄ፣ ቡላዋ ወልዳ ሞታ ልጅ የላትም ተብላለች። መዝገቡ ላይ አስገቢላት" አሉኝ። ስለ ራሳቸው ምንም አልጠየቁኝም።

በዚያው ቀን ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ወንድሜ በተወለደበት ዓመት ማስታወሻ ላይ፣ በዚያ ባማረ እጃቸው፣ "ስትጠባ አየሁ፤ ስትወለድ አላየሁም። ልጓምን ጠየቅኩት፤ የዳማዋ ናት አለኝ" የሚል አገኘሁ። በትልቁ መዝገብ ላይ ይህን የሚጽፉበት ቦታ አልነበረም። በእናት የምትገናኛትን የቡላዋን እህት ዘሮች ፀጉር ስመረምርም ከአሥራ አራቱ ጋር አንድ ሆነ። ባለፈው ሐሙስ ቡላዋ በመዝገቡ ላይ እናት ተብላ ተጻፈች። ቅጂውን ይዤ ሆስፒታል ስደርስ አባታችን ራሳቸውን ስተው ነበር፤ ትናንት ጠዋትም ዐረፉ። ይቅር በሉኝ ያልኳቸው መስማት ካቆሙ በኋላ ነው።

የእኔ ቃል እስካሁን ከሪፖርቱ አልተሰረዘም፤ ኮሚቴው ገና ይሰበሰባል ተብሏል። እኔ ግን እዚህ፣ በእናንተ ፊት፣ አስከሬናቸው ሳይነሳ እሰርዘዋለሁ፦ አባቴ ሆን ብለው አልዋሹም። ሳላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አባታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ማን ከማን እንደተወለደ ሳይጠይቅ የሚያውቅ ፈጣሪ ስማቸውን በማይፋቅ መዝገቡ ያስፍርልን፤ የደከመች ነፍሳቸውንም ያሳርፍልን።