ወደ ሴቶቹ ረድፍ የሚዞረው አንገቴ

እኛ ዳምቦያ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ ነው የምንቀመጠው። አንድ እሁድ ከፕሮግራም በኋላ ሽማግሌዎቹ ጠሩኝና፣ "መምህር፣ ሰባኪው ፊት ለፊት ቆሞ አንተ ለምንድን ነው ሴቶቹን የምታየው?" አሉኝ። "አንገቴ በራሱ ነው የሚዞረው" ብል ማን ይመነኝ! ባለቤቴን ነው የማየው እንዳልል፣ እሷ ከመዘምራኑ ጋር ፊት ለፊት ናት፤ ከዚያው ሆና ትገላምጠኛለች።

ተናድጄ ሆሳዕና ከተማ ሆስፒታል ሄድኩ። አንዲት ወጣት ዶክተር አየችኝና፣ "እስቲ አገጭዎን በአንድ ጣት ይንኩ" አለችኝ። ነካሁ። አንገቴ ቀጥ አለ! ጣቴን ሳነሳ ወደ ግራ ሄደ። መለስኩት፣ ቀጥ! ከወንበሬ ልዘል ምንም አልቀረኝ። "ዲስቶኒያ ይባላል" አለችኝ። "አንጎል ለአንገት ጡንቻ የተሳሳተ ትእዛዝ ሲሰጥ ነው። ጣትዎ ለጊዜው ያግዝዎታል፤ ጡንቻውን የሚያላላ መርፌም ስላለ ሪፈር እጽፍልዎታለሁ።"

"የዓይን አመል አይደለማ?" አልኳት።

"በፍጹም!" ብላ ሳቀች።

በሚቀጥለው እሁድ ምስክርነት ላይ ብድግ አልኩ። ጣቴን አገጬ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው፤ አንስቼም አሳየኋቸው። እልልታው ቀለጠ! የሴቶቹ ረድፍ በሙሉ አንገቱን ወደ ወንዶቹ አዙሮ እኔ ላይ ፈጠጠ። እነሱን ግን አንድም ሽማግሌ አልጠራቸውም!