አቶ አምባውና የባትሪው ሊቃውንት

መንገድ ላይ የሚገናኝ ሰው አንዳንዴ ከዘመድ ይበልጥ ይመክራል። አቶ አምባውም ምክር ያገኙት መኪና ሲጠብቁ ነው።

በ2012 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ሰሊጥ ታጭዶ በሚከመርበት ሰሞን፣ አቶ አምባው ከኮኪት ገበያ ክምር የሚያጠፋውን ተባይ፣ የሰሊጥ ትኋንን፣ መግደያ መድኃኒት ገዝተው ዛፍ ጥላ ሥር ቆመዋል። አጠገባቸው ሰርካለም የምትባል የኬሚስትሪ መምህርት በስልኳ ዜና ታዳምጣለች። ዜናው ባትሪ የፈለሰፉ ሦስት ሊቃውንት የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አገኙ ይላል።

አቶ አምባው ነገር ሰምተው ማለፍ አይሆንላቸውም።

«ልጄ፣ ለባትሪ ድንጋይ ነው ይህን ያህል ክብር? እኛ ሲያልቅ የምንጥለው አይደለም እንዴ።»

«እሱ አይደለም፣ አባባ። በኪስዎ ባለው ስልክ ውስጥ ያለው ነው፤ ሲያልቅ ተመልሶ የሚሞላው።»

«ያለቀ ነገር እንዴት ይሞላል?»

ሰርካለም ትንሽ አሰበች። «ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱት ሳሉጎች ሥራው ሲያበቃ አገራቸው ይመለሱ የለ? ሊቲየም የሚሉት ንጥረ ነገርም እንዲሁ ነው። ስልኩ ሲሠራ ከባትሪው አንዱ ወገን ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ቻርጅ ሲደረግ ወደ መጣበት ይመለሳል።»

አቶ አምባው ስልካቸውን አውጥተው አገላብጠው አዩት። ዓመታት ይዘውት ሲዞሩ ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቀው አያውቁም ነበር።

«የየት አገር ሰዎች ናቸው?»

«አንዱ ጃፓናዊ ነው፣ አንዱ እንግሊዝ አገር የተወለደ። ሦስተኛው አሜሪካዊ ዘጠና ሰባት ዓመታቸው ነው። ለዚህ ባትሪ የሚሆነውን ዋና ነገር ያገኙትም ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ነው።»

«እኔም ገና ስልሳን አልረገጥሁም» አሉ በዝግታ። «እኛ አገር ግን ካረጁ አይበጁ ነው። ባለቤቴ አገኘሽ የጎልማሶች ትምህርት እንግባ ብትለኝ በዚሁ ተረት መለስኋት።»

«እዚያ የማስተምረው እኔ ነኝ። ለምን አይመጡም?»

«አየሽ ልጄ፣ እኒያ ሰው ከልጅነታቸው ፊደል የቆጠሩ ናቸው። በተማሩት ላይ ጨመሩ። እኔ በምን ላይ ልጨምር?»

ክርክሩ እውነት ነበረበት፤ ሰርካለምም አልካደችውም። «ልክ ነዎት። ግን አፈሩንና ዝናቡን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። የጎደለው ፊደሉ ነው።»

አቶ አምባው አልተረቱም። ወሬውን ለመለወጥ ያህል የገዙትን ጠርሙስ አሳዩአት። «ኬሚስትሪ ካወቅሽ ይህን ንገሪኝ። ክምሩ ላይ ልረጨው ነው፤ ለአንድ ጀሪካን ውኃ ስንት ክዳን ይበቃዋል?»

አነበበችው፤ ደግማም አነበበችው። «አባባ፣ ይህ የአረም ማጥፊያ ነው። በታጨደ ሰብል ላይ አይረጭም ይላል።»

«ለትኋን ብዬ ነው የጠየቅሁት።»

«ሻጩ ተሳስቶ ይሆናል። ጽሑፉ ግን በአማርኛ ነው።»

አቶ አምባው ጠርሙሱን ተቀብለው ጽሑፉን ትክ ብለው አዩት። የዓመት ልፋታቸው በሙሉ በዚያ ክምር ውስጥ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን በገዛ ቋንቋቸው ተጽፎ ሳለ ሳያውቁት መቅረታቸው ከነከናቸው።

መኪናው ደረሰ። እሳቸው አልተሳፈሩም።

«ወደ ሻጩ ልመለስ» አሉ። «ትምህርቱ መቼ ይጀመራል?»

«ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ።»

«እንግዲያው አገኘሽን ይዣት እመጣለሁ።»

ፊደሉ ቶሎ አልገባቸውም፤ አገኘሽ እየቀደመቻቸው ብዙ ሳቀችባቸው። ክረምት ሲገባ ግን በዘር ከረጢት ላይ ያለውን ራሳቸው ያነቡ ጀመር። ማንበብ የቻለ ገበሬ ሰብሉን ከጥፋት ያድናል፤ በሰው ስሕተት አይጎዳም፤ ያላወቀውንም ለመጠየቅ አያፍርም። የአቶ አምባውም ቤት ምክር የሚጠየቅበት ሆነ።

አንድ ቀን እኩያቸውና ጎረቤታቸው አቶ አዛናው መጥተው ከደጅ ቆሙ።

«አምባው፣ እዚያ ክፍላችሁ መቀመጫ ይገኛል?»

«ተጠጋግተን ነው የምንቀመጥ» አሉ አቶ አምባው። «ና፣ አብረን እንሂድ።»